የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ደብተር

"ጨምሯል" አለች ሲስተር፣ የላቦራቶሪውን ወረቀት በጠረጴዛው ላይ ወደ አባትየው እየገፋች።

አባትየው ከወንበሩ ብድግ አለ። "ቀንሷል ማለትዎ ነው?"

"ጨምሯል ነው ያልኩህ ወንድሜ። የደም ምርመራዋ ቁጥር የዛሬ ስድስት ወር ዘጠና ነበር፣ አሁን መቶ አስራ ስምንት ገብቷል። ደህና የሚባለው ከአስር ሲወርድ ነው።"

ልጅቱ ከሚዛኑ ወርዳ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ቆማለች። አስር ዓመቷ ነው፤ ያያት ሁሉ ግን ሰባት ይላታል። ሚዛኑም የምስራች አልነበረውም። በስድስት ወር ውስጥ የጨመረችው ግማሽ ኪሎ ብቻ ነው።

አባትየው ወረቀቱን አነሳ፣ አገላበጠ፣ መልሶ አስቀመጠ። ጆሮውን ማመን አቃተው። ከእሱ ቤት በላይ የተጠነቀቀ ቤት ከየት ይመጣል?

ሥራው ዳቦ ጋጋሪ ነው። ሊጥ ሲያቦካና ምድጃ ፊት ሲቆም አስራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ዳቦ በጣቱ ነካ አድርጎ መብሰል አለመብሰሉን ይናገራል። የዛሬ ዓመት ተኩል ልጁ ሆዷ እየተነፋ፣ ፊቷ እየገረጣ፣ የበላችው አልረጋ እያለ ሲያስቸግራት ሐኪም ዘንድ ወሰዳት። ሴሊያክ የሚባል ሕመም ነው ተባለ። ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚሉት ነገር አንጀቷን ያቆስለዋል። ፈውሱም አንድ ብቻ ነው፤ ፍርፋሪ እንኳ ሳይቀር ዕድሜ ልኳን መተው። "የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ዳቦ አይንካት ነው የምትሉኝ?" ብሎ ሐኪሙ ፊት ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወጣና ደረጃው ሥር ቆሞ አለቀሰ።

በማግስቱ ቤቱን ገለበጠው። ዱቄቱ ወጣ፣ ብስኩቱ ወጣ፣ መደርደሪያው በፈላ ውኃ ታጠበ። ሚስቱ ጫማ መደብር ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ስለሆነች ጠዋት ትወጣለች። እሱ ግን ረፋድ ላይ ከሥራ ስለሚመለስና ልጅቱም የምትማረው ከሰዓት ስለሆነ፣ ምሳዋን የሚሠራው ራሱ ነው። ሩዝ፣ ድንች፣ እንቁላል፣ በቆሎ፤ ሁሉንም በገዛ እጁ። ልጅቱም አልተኛችም። ሱቅ ስትገባ የእያንዳንዱን እሽግ ጽሑፍ በጣቷ እየተከተለች ሳታነብ አትገዛም። ባለሱቁ "ኦዲተሯ መጣች፣ ተነሱ!" እያለ ይቀልድባታል። ስሙ በዚያው ጸደቀና ቤትም ኦዲተሯ ሆነች።

እንዲህ ተጠንቅቀው ኖረው፣ ዛሬ መቶ አስራ ስምንት።

"ከቤት ውጭ የምትቀምሰው ነገር ይኖር ይሆን?" አለች ሲስተር። "ልጆች ናቸው፤ ጓደኛ ያቀምሳል።"

አባትየው ወደ ልጁ ዞረ። "ንገሪያቸው። ቀምሰሻል?"

"አልቀመስኩም።"

"ታዲያ ይሄ ቁጥር ከሰማይ ዱብ አለ?" ድምፁ ከራሱ አምልጦ ከፍ አለ።

የልጅቱ ዓይን ግን መሬት አልወረደም። "አባዬ፣ አንድም ቀን አልቀመስኩም።"

ሲስተር እጇን በጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። "ደብተርሽን አምጪልኝ እስቲ።" ክትትሉ ሲጀመር የበላችውንና ሆዷ የተሰማውን በየቀኑ እንድትጽፍ የሰጠቻት ደብተር ነው። አባትየው እንደ አንድ የቤት ሥራ ስለቆጠረው ገልጦ አይቶት አያውቅም።

ልጅቱ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። "ረስቼው መጣሁ።"

"ከቤት ስንወጣ ስትከቺው አይቼሻለሁ እኮ" አለ አባትየው፣ በመገረም። ልጁ ስትዋሽ ሰምቶ አያውቅም።

ኦዲተሯ ቀስ ብላ ደብተሩን አወጣች። ሲስተር መነጽሯን አድርጋ ገጽ በገጽ ታገላብጥ ጀመር። ቀኑ በመስመር ተለይቷል፣ ምግቡ ተዘርዝሯል፣ ሆዷን ባመማት ቀን ቀይ ነጥብ አለ። ቀዩ ብዙ ነው። ከዚያ ሲስተር አንድ ገጽ ላይ ቆም አለች።

"እዚህ ጋ አስራ ሁለት ቀን ሙሉ ቀይ የለም። ምን ተገኝቶ ነው?"

አባትየው አንገቱን አስግጎ ቀኖቹን አየ። "ያኔማ ምድጃችን ተበላሽቶ ሥራ አልነበረም። ቤት ነበርኩ።"

"ሰኞ ሰኞስ? ሰኞም ቀይ አታገኝም።"

"ሰኞ እረፍቴ ነው።"

ሲስተር መነጽሯን አወለቀች። "ካርዱ ላይ 'የግል ድርጅት ተቀጣሪ' ነው የሚለው። ሥራህ ምንድን ነው?"

"ዳቦ ጋጋሪ ነኝ" አለ። ቃሉ ከአፉ ወጥቶ ሳያልቅ እጆቹን አየ። ጥፍሮቹ ሥር ነጭ መስመር አለ። ጫማው ስፌት ውስጥ ነጭ አለ። የሥራ ባልደረቦቹ "ነጩ" የሚሉት ያለ ነገር አይደለም።

"እጄን ታጥቤ ነው እኮ የምሠራላት" አለ፣ ድምፁ አንሶ።

"ጸጉርህንስ? ሸሚዝህን?"

በየቀኑ ረፋድ የሚሆነው ሁሉ ዓይኑ ላይ መጣበት። በር ሲከፍት ልጅቱ እየሮጠች መጥታ ፊቷን ሸሚዙ ውስጥ ትቀብራለች። እሱም የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ጓዳ ገብቶ ድንች ይከትፋል፤ ጎንበስ ባለ ቁጥር ከጸጉሩና ከቅንድቡ የሚረግፈውን ዱቄት ማን አይቶት! ልጁን ስንዴ ሲያበላት የከረመው እሱ ራሱ ነው።

ወደ ልጁ ዞረና፣ "አንቺ ይሄን ታውቂ ነበር?" አላት።

"ጠርጥሬ ነበር።"

"ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?"

"ሆድ ይፍጀው ብዬ ነዋ።" ልጅቱ ጫማዋን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። "ሥራህን ትወዳለህ። ብነግርህ ትተወዋለህ ብዬ ፈራሁ። ደግሞ ስትመጣ ላቅፍህ እፈልጋለሁ። ደግሞም እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ከጠረጠርኩ ወዲህ ሦስት ወር ሙሉ ልመዝግብና አያለሁ ብዬ ነበር። ሁለት ሳምንት ይቀረኛል።"

ሲስተር ሳቋን መያዝ አቃታት። "ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ሥራ ስቆይ እንዲህ ያለ መዝገብ አላየሁም። እኛ ደም ቀድተን ቁጥሩን ብቻ አገኘን። ምክንያቱን ያገኘችው እሷ ናት።"

አባትየው ሐፍረት ሊውጠው ይገባ ነበር። ሐፍረቱም አለ። ከሥሩ ግን ሌላ ነገር እንደ ሊጥ ኩፍ እያለ መጣ። ይህች ሰባት ዓመት የምትመስል ጭብጥ የማታህል ልጅ፣ እሳት የላሰች፣ ሕመሟን ይዛ ሁለት ወር ተኩል ሙሉ ለእሱ ተጠንቅቃለች! ሊያቅፋት እጁን ዘረጋና ሸሚዙን አስታውሶ መለሰው። በምትኩ ራቅ ብሎ፣ "ዛሬ ባርኔጣ ቢኖረኝ አወልቅልሽ ነበር" አላት።

በማግስቱ ሥራ እንዳበቃ የዳቦ ቤቱን ባለቤት ፈልጎ፣ ከጀርባ ያለችውን ቧንቧ ያላትን መጋዘን ጠየቃት።

"ምን ልታደርግባት?" አለች ሴትዮዋ።

"ገላዬን ልታጠብባት፣ ልብሴን ልቀይርባት።"

"በየቀኑ? ምነው፣ ልታገባ ነው?"

ሠራተኞቹ አውካኩ። ያን ቀን ነጩ መባል ቀረና ሙሽራው ተባለ። እሱ ግን ደረቱን ነፍቶ፣ ስለ ደብተሩ፣ ስለ ቀይ ነጥቦቹና ስለ አስራ ሁለቱ ቀናት ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገራቸው። ሲጨርስ የሚስቅ አልነበረም። ሴትዮዋ ቁልፉን ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠችው።

ውኃው ቀዝቃዛ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ቢሆንም አልተወውም። የሥራ ልብሱና ጫማው እዚያው ያድራሉ፤ ልብሱንም እዚያው ያጥባል። ቤት ሲደርስ ኦዲተሯ በር ላይ ቆማ ትፈትሸዋለች።

"ዙር። ጎንበስ በል። ጆሮህ ጀርባ አለ!"

አስራ ዘጠኝ ዓመት ምድጃ ፊት የኖረ ሰውዬ፣ ምንም ሳይል ግቢው ቧንቧ ጋ ተመልሶ ጆሮውን ይፈትጋል። ሚስቱ በእረፍቷ ቀን በመስኮት እያየች፣ "እኔ አስራ ሁለት ዓመት ለምኜ ያቃተኝን በአንድ ቀን!" ትላለች። ፍተሻው ሲያልፍ ልጅቱ ትጠመጠምበታለች። እሱም እንደ ልቡ ያቅፋታል።

በአራተኛው ወር ደሟ እንደገና ተመረመረ። አርባ አንድ። ቁመቷ ሁለት ጣት ያህል ጨምሯል፤ ክብደቷም ሁለት ኪሎ ተኩል።

"ገና ነው" አለች ሲስተር፣ "ከአስር እስኪወርድ እንቀጥላለን። ግን መንገዱን ይዘነዋል።"

አባትየው ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁትን የማያውቃቸውን ሰዎች ሳይቀር፣ "የኔ ልጅ ናት ያገኘችው፣ ሐኪሞቹን ጠይቁ!" ሲል ልጅቱ በእፍረት እጅጌውን ጎተተችው።

አሮጌው ካርድ ሞልቶ ስለነበር ሲስተር አዲስ አወጣች። "የበሽተኛዋ ስም" የሚለውን ሞልታ ቀጣዩ መስመር ላይ ደረሰች። "'ክትትሉን የሚመራው' ይላል። እንደ በፊቱ ያንተን ልጻፍ?"

አባትየው እስክሪብቶውን ከእጇ ተቀበለ። ትንሽ አሰበና ካርዱን አዙሮ ልጁ ፊት አደረገው።

"ጻፊ።"

"የማንን?"

"ያንቺን ነዋ።"

"ኧረ ልጅ እኮ ናት!" አለች ሲስተር።

"አውቃለሁ" አለ አባትየው። "እኔ ከሥር እፈርማለሁ።"