በመርከቧ ደወል ውስጥ

ጃጎ ፔንሮዝ ጥቁር ካፖርቱን ለብሶ ወደ ወደቡ ቤተ ክርስቲያን በወረደ ጊዜ፣ እርሱና ጓደኛው ዴንዚል ያገለገሉባት የድሮዋ መርከብ ደወል፣ ከቃጠሎ የተረፈው፣ ተገልብጦ ውኃ ተሞልቶ ነበር። የባሕር ኃይል ሰዎች ልጆቻቸውን በመርከባቸው ደወል ያስጠምቃሉ፤ የሕፃኑም ስም በደወሉ ሆድ ይቀረጻል። ጃጎና ዴንዚል በአንድ መርከብ ሲያገለግሉ ሳሉ፣ ጃጎ የጓደኛውን ልጅ ሞርዌናን ከዚሁ ደወል ክርስትና አንሥቷት ነበር። "የበኩር ልጇንም አንተው ታነሣለህ" ብሎ ዴንዚል ያን ዕለት ቃል ገባለት። ዛሬ የበኩር ልጇ ክርስትና ነው፤ ጃጎ ግን የመጣው ሳይጠሩት ነው።

ያልተጠራበትን ምክንያት ያውቀዋል። በጦርነቱ መርከባቸው በተቃጠለች ጊዜ፣ ዴንዚል በጢስ የታፈኑትን ከታች ሲያወጣ ሳንባው ተጎድቶ ቀረ። ጃጎ ይህን ስለ አንድ ጀግና መኮንን በሚተርክ ልብ ወለድ ጻፈው፤ "መኮንኑ እኮ ዴንዚል ነው!" እያለም በየመጠጥ ቤቱ አስታወቀ። ኋላ ፊልም ሠሪዎች መጡና "ታሪኩ ፈሪ ያስፈልገዋል" ብለው መኮንኑን በመጀመሪያዋ ጀልባ አስኮበለሉት። ጃጎ የፊልሙን ጽሑፍ አነበበው፤ የራሱ ስም በሲኒማው ሸራ ላይ ገዝፎ ታየውና "ይሁን" አለ። ከዚያ ወዲህ ዴንዚል በወደቡ ባለፈ ቁጥር "መንገድ ልቀቁ፣ የመጀመሪያዋ ጀልባ ልትሄድ ነው!" ይሉታል፤ ሽማግሌዎቹ ለቀልድ፣ ወጣቶቹ ግን አምነው።

ጃጎ ከደጁ ቆሞ ሳለ ዴንዚል ከውስጥ አየው።

"ግባ እንጂ! ሲኒማ ቤት መሰለህ እንዴ፣ ትኬት የምትጠብቀው?"

"ዴንዚል፣ ሕፃኗን ላነሣ ነው የመጣሁት።"

"አውቄያለሁ። ይህን ካፖርት የምታወጣው ለቀብርና ለክርስትና ነው፤ እኔ ደግሞ ገና አልሞትኩም።" ሳቀ፤ ሳቁንም ሳል ቆረጠው።

ሞርዌና ሕፃኗን እንዳቀፈች ቀረበች። "አጎቴ ጃጎ፣ እወድዎታለሁ። ግን የባለቤቴን ወንድም ጠይቀናል።"

"ፊልሙን እኮ እኔ አልሠራሁትም" አለ ጃጎ፤ ተናግሮ ሳይጨርስ አፈረ።

"አልሠራኸውም" አለ ዴንዚል ዝግ ብሎ። "ይሁን ብቻ ነው ያልከው። የክርስትና አባት ሥራው ምንድን ነው? አፍ ላልፈታች ሕፃን አፍ ሆኖ ሰይጣንን መካድ፣ ስለ እርሷ ማመን። የእኔን ነገር እንድትናገርልኝ አንድ ጊዜ ሰጠሁህ፣ ጃጎ። ቂም አልያዝኩብህም። የልጅ ልጄን ግን አልሰጥህም። ና፣ ከጎኔ ተቀመጥ።"

ተቀመጠ። ካህኑ "ሰይጣንን ትክዳለህን?" ብሎ በጠየቀ ጊዜ የጃጎ ከንፈር ሳያስበው ተንቀሳቀሰ፤ "እክደዋለሁ" የሚለው ድምፅ ግን ከፊት ከቆመው ወጣት ተሰማ። ሕፃኗ ውኃው ሲነካት አለቀሰች።

በጎኑ የዴንዚል እስትንፋስ እንደ አሮጌ ወናፍ ያፏጫል። ጃጎ የመድፉንም የማዕበሉንም ድምፅ በመጻሕፍቱ ሁሉ ጽፎታል፤ ፊልሙም አስተጋብቶታል። ይህን ፉጨት ግን ከዚህ አግዳሚ ወንበር በቀር የሚሰማበት ስፍራ አልነበረም።