ሓለፎምን ያመጣንበት ዝውውር

ሱዳን ውስጥ፣ የገዳሪፉ ቡድናችን ስሙ ሰሊጥ ነው። አራሚም፣ አጫጅም፣ ተሸካሚም የሆንን የቀን ሠራተኞች ነን፤ ዓርብ ዓርብ ደግሞ ኳስ ተጫዋቾች። ግማሾቻችን ነገ የት እንደምናድር ስለማናውቅ ቡድኑ በየወሩ ሰው ይጎድለዋል። ጸሐፊው እኔ ሲሳይ ነኝ። ማን ከየት፣ እንዴት ወደ ቡድኑ እንደመጣ በአንድ ደብተር እጽፋለሁ። ማንም አላዘዘኝም፤ አንድን ነገር ካላወቅሁ ሆዴ አያርፍም፣ በቃ ጠባዬ ነው።

ዝውውራችን በጉልበትና በእቃ ነው። ግራ እግረኛውን አማኑኤልን ያመጣነው በአረም ነው። ባለእርሻው ዓርብ አልለቀውም ብሎ ሲያስቸግረን፣ አሥራ አንዳችንም እርሻው ገብተን የእሱን ድርሻ በሁለት ቀን አርመን ጨረስንለት። ጀማሉን ደግሞ በአንድ ኳስና በሁለት ጄሪካን ለወጥነው። አንድ ጨዋታ ተጫውቶ፣ ሦስት ጎል አግብቶ፣ በማግስቱ የሊቢያን መንገድ ተያያዘው። ጄሪካኖቹ እስካሁን ያንገበግቡኛል።

የሓለፎም ግን ከሁሉም ይለያል። ሓለፎም የኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ ቡድን በረኛ ነበር። ተፎካካሪዎቻችን የኸሽም ኤል ቂርባ ከተማ ልጆች ሦስት ዓመት በተከታታይ ስለረቱን በረኛ አጥብቀን እንፈልግ ነበር። የመጠለያውን ቡድን አምበል ተኽለን፣ "በእሱ ፋንታ ምን ልስጥህ?" አልሁት። ጫማ ይላል፣ መረብ ይላል ብዬ ስጠብቅ፣

"ሶፎኒያስን" አለኝ።

ሳቄ አመለጠኝ። ሶፎኒያስ የአርባ አንድ ዓመት ተከላካያችን ነው፤ ሲሮጥ ኳሷ ቆማ ትጠብቀዋለች።

"ኻላስ፣ አለቀ፣ ወስደኸዋል!" አልሁት፣ ሐሳቡን እንዳይቀይር ቸኩዬ።

ሶፎኒያስን አላማከርሁትም። ስነግረው ማልያውን እያጠበ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና፣ "ሲሳይ፣ እኔ እኮ ከእናንተ ሌላ ሰው የለኝም" አለ። እውነቱን ነው። ሰባት ዓመት በስደት ሲኖር የሚደውልለት፣ መጣህ ወይ የሚለው አልነበረውም።

"ጋሼ፣ ቅርብ እኮ ነው፤ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም" አልሁት።

እርጥቡን ማልያ አጥፎ ሰጠኝ።

ሓለፎም ግሩም በረኛ ሆነልን፤ እኔ ግን ሰላም አጣሁ። ለምን ሶፎኒያስ? አማኑኤልን ባዋየው፣ "ምን አገባህ? በረኛህን አግኝተሃል" አለኝ። ሓለፎምን ብጠይቀው ቀኝ እጁን ዘረጋ፣ ጣቶቹን አጠፈ፣ መልሶ ዘረጋና "ሂድና እይ" ብሎኝ ሄደ። ደግሞም ሌላ ሐሳብ ይበላኝ ጀመር። እዚያ ያሉት ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ናቸው፤ ሶፎኒያስ የጎንደር ሰው ነው። ይገፉት ይሆን? በገዛ እጄ ገደል ከትቼው ይሆን? በሦስተኛው ሳምንት ማሽላ በጫነ መኪና ላይ ተንጠላጥዬ ሄድሁ።

ሜዳው ላይ አጣሁት። ከተጠባባቂዎቹም ጋር የለም። ደነገጥሁ። ትዕበ የምትባል ሴት ከሜዳው ዳር ሱቅ አላት፤ ሶፎኒያስን አይታው እንደሆነ ስጠይቃት በእጇ ወደ ሱቋ ጀርባ አመለከተችኝ።

እዚያ ሰው ተሰልፏል። ክንዱን ያቀፈ አዛውንት፣ የሚያነክስ ጎረምሳ፣ ልጅ ያዘለች እናት። ከፊታቸው ሶፎኒያስ ተንበርክኮ የአንዲት ሴት ቁርጭምጭሚት በዘይት ያሻል። ዓይኑን ጨፍኖ በጣቶቹ አጥንቱን ይፈልጋል።

ተኽለ ከኋላዬ መጣ።

"ሓወይ፣ አታውቅም ነበር?" አለኝ። "ከዝውውሩ በፊት ከእናንተ ጋር ስንጫወት የሓለፎም ጣት ወለቀ። 'እጅ ማሸት የሚያውቅ አለ?' ብሎ ጮኸ። የእናንተ ሰው ጨዋታውን ትቶ መጥቶ ጣቱን መለሰለት። እናንተ 'ቦታህን ያዝ!' እያላችሁ ትሰድቡት ነበር።"

ከሰዳቢዎቹ አንዱ እኔ ነበርሁ። ያን ዕለት ጎል የገባብን በሶፎኒያስ ጥፋት ነው ብዬ ደብተሬ ላይ ጽፌያለሁ።

ሴትዮዋ እግሯን ረግጣ ስትነሣ ተጠጋሁት።

"ጋሼ፣ ወጌሻ ነህ እንዴ? ሁለት ዓመት ሙሉ እንዴት አትነግረንም? ስንታችን እያነከስን ስንጫወት!"

የተናደድሁት በእሱ ይሁን በራሴ አላውቅም።

"በአባቴ ቤት ወጌሻ ተጠርቶ ነው የሚሄድ" አለኝ በእርጋታ። "እኔ ነኝ ብሎ አይነሣም። አያቴም እንዲያው ነበሩ። እናንተ የጠራችሁኝ ለተከላካይነት ነው፤ ተከላካይ ሆንሁላችሁ።"

"ተመለስ በቃ። ሓለፎምን እመልሳለሁ። ይኸው እኔ ጠራሁህ።"

ከልቤ ነበር። ከኸሽም ኤል ቂርባዎች ጋር የምንጫወተው በሚቀጥለው ዓርብ ነው፤ ያለ በረኛ መግባት ማለት እንደሆነም አውቃለሁ።

ሶፎኒያስ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

"እግዜር ይስጥህ፣ ጠራኸኝ" አለ። ከዚያ ወደ ሰልፉ ተመለከተ። "ግን አልመጣም፣ ሲሳይ። ሰው እየጠበቀኝ ነው።"

ይህን ሲል በድምፁ ውስጥ የነበረውን ኩራት ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር ሰምቼው አላውቅም። አፈርሁ፤ ደስም አለኝ። ከአምናው አጨዳ ጀምሮ አልነሣ ያለች ግራ ትከሻ አለችኝ። የሰልፉ መጨረሻ ሄጄ ቆምሁ። ተራዬ ሲደርስ፣ እንደ ማንኛውም ሰው ቀና ብሎ አየኝና፣

"የቱ ጋ ነው?" አለኝ።