ከበሩ በዚህ በኩል

ወንድሟ ሞቶ የተገኘ ጠዋት ክፍሉ እንዲህ ነበር፤ ወንበሩ ከጠረጴዛው አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ሸሽቷል። ብርጭቆው ውስጥ ግማሽ ውሃ ቀርቷል። ግራኝ ስለነበር ማውሱ በግራ በኩል ተቀምጧል። ላፕቶፑ አልተዘጋም፤ ስክሪኑ ላይ አንድ ፋኖስና አንድ የብረት በር ይታያሉ፣ ከሥራቸው ደግሞ አንድ ቁጥር አለ፦ 61,340።

ከቀብር እንደተመለሰች ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ አሰፈረችው። በሆስፒታል ላቦራቶሪ አሥራ አራት ዓመት ደም ስትመረምር የኖረች ሴት ናት፤ ያልጻፈችውን ነገር እንዳላየችው ነው የምትቆጥረው። ሳሎኑ በለቀስተኛ ተሞልቶ እሷ ስትጽፍ ያየቻት ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ፣ አጠገቧ ወደተቀመጠችው ሴት ጠጋ አለች።

«ይቺ ልጅ እንባዋ የት ገባ?» ብላ አንሾካሾከች። የልብስ ሰፊዋ ሹክሹክታ ደግሞ ኩሽና ድረስ ይሰማል። «ጌሙ ነው አሉ የገደለው። ሲጫኑት ሰው የሚያቃስት ጌም ነው አሉ፣ ወይ ጉድ!»

«ማን አለ?»

«ሁሉም ሰው ነዋ!»

የሐኪሙ ወረቀት የሚለው ሌላ ነው። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ልቡን ይታመም ነበር፤ ልቡ ቆመ፤ በቃ። ወረቀቱን ግን አንድም ሰው አንብቡልን አላለም።

አጎታቸው ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው። ሲናገሩ ዛሬም ሰልፍ የያዘ ተማሪ ፊታቸው የቆመ ይመስላቸዋል። የሻይ ብርጭቆአቸውን አስቀምጠው ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«ከነገ ወዲያ ሰው ሁሉ ሲሰበሰብ ስለ ልጃችን ጥቂት እናገራለሁ። ሞቱ ለሌሎች ልጆች ትምህርት ይሁን። ያንን ዕቃ ደግሞ ከዚያ በፊት ሰባብረን እንጣለው።»

«አይሰበርም» አለች እህትየዋ።

«ምን አልሽ?»

«ናሙና ሳይመረመር አይጣልም፣ ጋሼ። እኛ ዘንድ ደንቡ እንዲህ ነው።»

«ይሄ ለቅሶ ቤት እንጂ ላቦራቶሪ አይደለም!»

«በምን እንደሞተ የሚወራበት ከሆነማ ላቦራቶሪ ነው።»

አጎቷ ሰው እንዳይታዘባቸው ዙሪያውን ቃኙ። «እንግዲያው እስከ ከነገ ወዲያ ጠዋት» አሉ በጥርሳቸው። «ከዚያ በኋላ እንዳትመጪብኝ።»

እሷ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ወንድሟ በመቃብሩ ላይ የሰው ማስፈራሪያ ሆኖ እንዳይቀር።

ስለ ጌሙ ግን የምታውቀው ነገር አልነበረም። ከአራት ወር በፊት ከሥራ ስትመለስ ክፍሉ በር ላይ ጠብቋት ነበር። «እታለም፣ ነይማ አንድ ነገር ላሳይሽ። ክፉ ጌም ነው፤ ክፋቱን ለማሸነፍ እየሞከርኩ ነው።» እሷ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ «ቀኑን ሙሉ የሰው ደም ሕዋስ ስቆጥር ውዬ ደግሞ ያንተን ልቁጠር?» አለችው። ሳቀ። «እሺ የኔ ዶክተር፣ ሌላ ቀን።» ሌላ ቀን አልመጣም።

በማግስቱ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ሻይ ስታቀርብ እሷ የወንድሟ ክፍል ገብታ ከውስጥ ቆለፈች። የወንድሟን ጨዋታ ሳትነካ በራሷ አዲስ ጀመረች።

ነገሩ ሕፃን እንኳ የሚችለው ነው። ፋኖሱን አንዴ ሲጫኑት ጥቂት ይበራል፣ ቁጥሩ በአንድ ይጨምራል፣ ከበሩ ጀርባ አንድ ሰው ያቃስታል። መቶ ሲሞላ ጽሑፍ መጣ፦ «ብርሃንህ የሚቀዳው ከእስረኛው ጉልበት ነው። ይቀጥል? ይብቃ?»

ይብቃ አለች። ፋኖሱ እየደበዘዘ ሄደ። ከጨለማው ውስጥ የእግር ኮቴ ተሰማ፤ እየቀረበ፣ እየቀረበ መጥቶ ልክ ጆሮዋ ሥር ቆመ። እጇ ከአእምሮዋ ቀድሞ «ይቀጥል» የሚለውን ተጫነ።

ለማወቅ ብዬ ነው አለች ለራሷ። ጌሙ በራሳቸው የሚጫኑ ረዳት እጆች ሰጣት፤ ተቀበለች። ሺህ ላይ እስረኛው ለመናት። ሦስት ሺህ ላይ ልጆች እንዳሉት ነገራት። አምስት ሺህ ላይ ዝም አለ። ፋኖሱ እንደ ቀትር ፀሐይ ቦግ ብሎ፣ «እንኳን ደስ አለህ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። አርባ ደቂቃ ፈጅቶባታል።

መዳፏን በቀሚሷ ጠረገች። ከዚያ እንደ ልማዷ አሰላች። የእሷ አምስት ሺህ አንድ ሰው ከገደለ፣ የወንድሟ ስልሳ አንድ ሺህ ደግሞ አሥራ ሁለት ሰው ገድሏል። አሥራ ሁለት! ወረቀቱን አጠፈችው። ጋሼ እውነታቸውን ይሆን? ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች፤ ልብስ ሰፊዋም በበሩ ቀዳዳ ሰምታ፣ «ተመስገን፣ ወጣላት» አለች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የወንድሟ የሥራ አለቃ መጣ። ወንድሟ ሊፍት ጠጋኝ ነበር፤ አለቃውን ሠራተኞቹ ብሎን ይሉታል፤ አጭር፣ ድንቡሽቡሽ ያለ፣ አንዴ ከተቀመጠ የማይነቀል ሰው ነው። ክፍሉን ልየው ብሎ ለመናት። አስገባችው። የወንድሟን ጨዋታ ከፍታ፣ «በዚህ ነው የሚሰድቡት» አለችው።

ብሎን ስክሪኑ ላይ አጎነበሰ። «ፋኖሱ ጠፍቷል እኮ።»

«እ?»

«ጠፍቷል። መስተዋቱ ላይ ጥላሸት እንኳ የለም፤ አንዴም የበራ አይመስልም።»

ወረቀቷን ዘረጋች። «ፋኖስ» ይላል፤ የበራ ይሁን የጠፋ አልጻፈችም። አሥራ አራት ዓመት ተለማማጆችን የምትቆጣበት ስህተት ነው፤ ቁጥሩን አንብባ ናሙናውን አላየችም።

ብሎን በወፍራም ጣቱ ማውሱን ወስዶ በሩ ላይ አሳረፈና ተጫነ። ድም! አለ ብረቱ። ቁጥሩ 61,341 ሆነ።

«ይሄማ ማንኳኳት ነው!» አለ ጮኾ። ከዚያ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲለው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ እህቴ። ሊፍት ሰው እንደያዘ ሲቆም አንዳችን ወደ ላይ ወጥቶ ሞተሩን በእጅ ያዞራል። ሌላው በሩ ላይ ቀርቶ ያንኳኳል። ካቆመ ውስጥ ያለው ሰው ጥለውኝ ሄዱ ብሎ ያብዳል። ማንም የማይወደው ሥራ ነው። ወንድምሽ ግን ሁልጊዜ በሩን ነበር የሚመርጠው። አንዴ ሦስት ሰዓት ተኩል አንኳኳ። ውስጥ የነበረችው የጥርስ ሐኪም ስትወጣ ምን አለችው መሰለሽ? ‹አንተ ሰው፣ ራሴን አዞርከው፣ አሁንስ ተወኝ!›»

ሳቁ አመለጠው፤ እሷንም አመለጣት። ሳቁ ሳያልቅ ብሎን ዓይኑን በክንዱ ሸፈነ።

እሷ ማውሱን ተቀበለችው። በሩን ሃምሳ ዘጠኝ ጊዜ አንኳኳች። 61,400 ላይ ከውስጥ አንድ የደከመ ድም መለሰላት። ቀጥሎ ጽሑፍ መጣ፦ «ምንም አላገኘህም። ጨለማው ደርሷል። ትተወዋለህ?» ከሥሩ ሁለት ምርጫ፦ እተዋለሁ፤ አልተውም። ኮቴው ጆሮዋ ሥር ቆሟል። «አልተውም» የሚለውን ተጫነች።

በየመቶው ከሆነ ወንድሟ ይህን ቃል ስድስት መቶ አሥራ ሦስት ጊዜ መርጧል። ስክሪኑ ላይ አንድም ረዳት እጅ የለም። ሁሉንም በገዛ ጣቱ።

ከሳሎን የአጎቷ ድምፅ ተሰማ። «ወገኖቼ፣ ይህ ልጅ የጨዋታ ሱስ ሰለባ...»

ላፕቶፑን አቅፋ ወጣች። ብርጭቆዎቹን በክርኗ ገፋ አድርጋ ጠረጴዛው መሀል አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ ውጤቱ ወጥቷል።»

«እየተናገርኩ እኮ ነው!»

«እሱን ነው የማስቆመው። ወንድሜ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ፣ የእስረኛውን በር እያንኳኳ፣ ምንም ሳያገኝ፣ ተው እየተባለ፣ ስድስት መቶ አሥራ ሦስት ጊዜ አልተውም ያለ ሰው ነው። የሚናገሩ ከሆነ ይህን ይናገሩ። ካልሆነ ዝም ይበሉ።»

«ዝም ይበሉ አለቻቸው!» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም።

አጎቷ ፊታቸው ቀላ። «ለማን ነው ያንኳኳው? በሩ ውስጥ ማንም የለም እኮ!»

«የለም። እኔም ማንም እንደሌለ እያወቅኩ ትናንት በአርባ ደቂቃ ገደልኩት። እሱ ግን ማንም እንደሌለ እያወቀም አልገደለም።»

ርዕሰ መምህሩ የያዙትን ወረቀት አዩት፣ አራት ቦታ አጠፉት፣ ኪሳቸው ከተቱት። ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳቡ።

«የቱን ነው የምጫነው?»

«በሩን።»

ተጫኑ። ሠላሳ ሳይሞላ ቆም አሉ። «ጣቴን አመመኝ።»

«እሱንም አሞት ነበር።»

ቀጠሉ። መቶ ሲሞላ ጥያቄው መጣ። መነጽራቸውን አስተካክለው ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ማንንም ሳያዩ «አልተውም»ን ተጫኑ። እሷ አጠገባቸው ቆማ፣ ማንም ሳያዛት፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትቆጥራለች።

ሰዉ እስኪበተን ድረስ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ጊዜ አንኳኩ። ከውስጥ ሁለቴ መልስ መጣ፤ ለሦስተኛው ሰማንያ ሦስት ቀርቷል።