ባለቤቴ እንዳለችው

እንግዶቹ ገና ከበሩ ሲገቡ፣ ልብስ ሰፊዋ ቤት የተሳሳቱ መሰላት። ሐዘን ቤት የሚገባ ሰው አንገቱን ይደፋል፤ እነዚህ ግን አንገታቸውን አስግገው እሷን ይፈልጉ ነበር። ከፊት ያለችው ወፍራም ሴት እጇን ለቀም አድርጋ ያዘቻትና እንባዋ በጉንጯ እየወረደ፣ «እርስዎ ነዎት! ለማየት ያብቃኝ ስል ኖሬ፣ ምነው በዚህ ቀን ሆነ?» አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ ዞር ብላ ታናሽ እህቷን አየች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ቤቱን የያዘችው፣ ሻዩን የምታፈላውና ወንበሩን የምታደላድለው እህቷ ነበረች። እሷም ትከሻዋን ሰበቀች።

«ከሐሙስ ማኅበር ነን፤ ከኦፔራ ወዳጆቹ» አለች ሴትየዋ። «እኔ አዋላጅ ነበርኩ። ጡረታ ስወጣ ሰብሳቢ አደረጉኝ። ይህ ደግሞ ነጎድጓድ ነው።»

ነጎድጓድ የተባለው ሰውዬ ረጅምና ቀጭን ነው። «ያጽናዎት» ሲል ድምፁ ከከንፈሩ ብዙም አልራቀም። ስሙን ያወጣለት ሟቹ እንደሆነ አዋላጇ ተናገረች። ልብስ ሰፊዋ ገረማት፤ ባሏ ለሰው ቅጽል ስም የሚያወጣ ቀልደኛ ሰው መሆኑን ዛሬ መስማቷ ነው።

ስለ ሐሙስ የምታውቀው ትንሽ ነው። ባሏ የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ጢሙን ተላጭቶ፣ ግራጫ ኮቱን ለብሶ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ይሄዳል። እዚያ አንዱ ተነስቶ ስለ አንድ ኦፔራ ለመጣው ሰው ሁሉ ያስረዳል፤ ከዚያ ሻይ ይጠጣሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይበተናሉ። ከዚህ ያለፈውን እሷ አልጠየቀችም፣ እሱም አልነገራትም። ቤት ውስጥ ከመምህሩ አፍ ቃል በመንጠቆም አይወጣም ነበር።

ዝምታው ቤቱ የገባበት ቀን ትዝ ይላታል። ድሮ ዘፈኑ ቤቱን እስኪያናውጥ ይለቀቅ ነበር፤ እሷ ደግሞ ራስ ምታት የሚፈልጣት ሴት ናት። አንድ ቀን መቀሷን እንደያዘች፣ «ወይ እኔ፣ ወይ እነዚህ ጯሂዎች!» አለችው። በማግስቱ የጆሮ ማዳመጫ ገዝቶ መጣ። አሸነፈች፤ ግን ድሉ መልሶ የገረፈው እሷኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ እሱ ሶፋው ላይ ማዳመጫውን አጥልቆ ቴሌቪዥኑ ላይ ያፈጣል፤ እሷ በግራው ተቀምጣ ትሰፋለች። ድምፁ ለእሱ፣ ሥዕሉና ከሥሩ የሚያልፈው ጽሑፍ ለሁለቱም ሆነ። ሴቶቹ ሰፋፊ ቀሚስ ለብሰው አፋቸውን ሲከፍቱ እያየች የመጣላትን ትናገራለች፤ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ። ከግድግዳ ጋር እንደማውራት ነበር። ግድግዳም ቢሆን እኮ አንዳንዴ ይሰነጠቃል።

ከቀብሩ ወዲህ ውስጥ ውስጡን የሚበላት ይኸው ነበር። ያ ሰውዬ እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ መኖሬን ያውቅ ነበር? ይህን ሳታውቅ ምኑን እንደምታለቅስ ግራ ገብቷት፣ እስከዛሬ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም።

አዋላጇ ሻይዋን ፉት አለች። «ራስ ምታቱስ እንዴት አደረገዎት? ድምፅ ስለሚያምዎት እንደማይመጡ ነግሮናል። ግን እርስዎ ያልመጡበት ሐሙስ የለም እኮ።»

«እንዴት ሆኖ?»

«ንግግሩን የሚከፍተው በእርስዎ ነዋ! ‹ባለቤቴ እንዳለችው› ይላል። ገና ይህን ሲል አዳራሹ መሳቅ ይጀምራል።»

ልብስ ሰፊዋ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ምን አልኩ?»

ነጎድጓድ ጉሮሮውን ጠረገ። «‹ይህቺ ሴትዮ ሳንባዋ አልቋል ከተባለ፣ ይህን ሁሉ የምትጮኸው በማን ሳንባ ነው?›»

«ያኛውስ!» አለች አዋላጇ። «‹ቀሚሷ ብብቷን ስለያዛት እጇን ወደ ላይ መዘርጋት አልቻለችም፤ ጸሎቷ ያልደረሰው ለዚህ ነው።› የዚያን ዕለት ሻይ ላይ ከቀሚስ በቀር ሌላ ወሬ አልነበረም።» ሳቋ አመለጣትና አፏን በመዳፏ ያዘች። ጥግ ላይ የተቀመጡት ጎረቤቶች ወሬያቸውን አቆሙ።

እህቷ ብድግ ብላ ልብስ ሰፊዋን ወደ ማድ ቤት ጎተተቻት። «ሰዎቹ የመጡት ሐዘን ቤት ነው ሠርግ ቤት? ሰው ምን ይላል?»

«የሳቁት በእኔ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። ፊቷ ነዷል። «አዳራሽ ይዞኝ እየሄደ ሲያላግጥብኝ ኖሯል። ለእኔ አንድ ቃል ሳይመልስልኝ!»

«እታለም፣ ተይ እንጂ። የሞተ ሰው አይወቀስም።»

«ታዲያ በቁሙ መቼ ሰማኝና ልውቀሰው?»

ተመልሳ ገባችና ሳትቀመጥ ተናገረች። «ይቅርታ አድርጉልኝ፤ የተሳሳታችሁ ይመስለኛል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የዘፈኑን ድምፅ እንኳ ከማዳመጫው ወዲህ ሰምቼ አላውቅም፤ ሥዕሉን ነው ያየሁት። ያሾፍብኝ እንደነበር ደግሞ ዛሬ ሰማሁ።»

አዋላጇ ፊቷ ተለወጠ። «ማሾፍ? ኧረ በጭራሽ! እኔ የኦፔራው ሙያተኛ እርስዎ ነዎት ብዬ ነው የኖርኩት። ኮርቶብዎት ሲያወራ ቢያዩት!» ትንሽ አመነታች። «አንድ ቀን ብቻ ነው ያላሳቀን። በአንድ ኦፔራ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ወታደር ለብቻው የሚቀመጥበት ቦታ አለ። እዚያ ሲደርስ መምህሩ ‹ባለቤቴ እንዳለችው› ብሎ ጀመረ። ‹ይህ ሰውዬ እኔን ይመስላል፤ ቤቱ ሰው አለ፣ የሚያናግረው ግን የለም።› ይህን አለና ውኃ ጠጣ። ከዚያ መቀጠል አቃተው። ንግግሩን ነጎድጓድ ጨረሰለት፤ ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ የሰማው የለም እንጂ።»

ልብስ ሰፊዋ ተቀመጠች። ያን ምሽት ክሩን በጥርሷ በጥሳ ያለችውን ቃል በቃል ታስታውሰዋለች። እሱ ዞር አላለም። ደግሞ ሌላ ነገር መጣባት። ማዳመጫው በግራ በኩል ሁልጊዜ ከጆሮው ይወርድ ነበር። «አስተካክለው፣ ይሰበራል!» ብላ ስንቴ ተቆጥታዋለች። «ይሞቀኛል» ይላል፣ ይተወዋል። እሷ የምትቀመጠው በግራው ነው።

«ከሰማኝ ለምን አልመለሰልኝም?» አለች። እንባዋ ያኔ መጣ። ደስታም ነበረበት፤ ንዴቱ ግን ይበልጥ ነበር።

የመለሰው ነጎድጓድ ነው። «እኛም ጋ ከመድረክ ሲወርድ አይናገርም ነበር። ሻዩን ይዞ ጥግ ይቆማል። ብዙ ጊዜ አጠገቡ ቆሜ ሁለታችንም ዝም ብለን ጨርሰናል።»

ሲሄዱ አዋላጇ በሩ ላይ አቀፈቻት። «ሐሙስ ይምጡ። ድምፁን ዝቅ እናደርገዋለን።»

ሲመሽ ጎረቤቶቹ ተበተኑ። እህቷ ማድ ቤት ብርጭቆ ታጥባለች። ልብስ ሰፊዋ ሶፋው ላይ በራሷ ቦታ ተቀመጠች፤ የእሱ ቦታ በቀኟ ባዶ ነው። ቴሌቪዥኑን ከፈተች፣ ማዳመጫውን ከሶፋው መደገፊያ ላይ አንስታ አጠለቀች። እሱ ሳይጨርሰው የቀረው ኦፔራ ካቆመበት ቀጠለ፤ አንዲት ሴት ትዘፍናለች። እነዚያ አፎች ያን ሁሉ ዘመን ያወጡት የነበረው ይህን ነው። ራሷን አላመማትም።

ትንሽ አዳመጠችና በቀኝ በኩል ያለውን ከጆሮዋ ገፋ አድርጋ አወረደችው።

«ቀሚሷ ትከሻው ላይ ጠቧታል» አለች። «አየህ?»

ቀኝ ጆሮዋን ክፍት እንዳደረገች ጠበቀች።