የአንድ ጎን መርገጫ

በያጁን የሰፈሩ ሰው በሙያው አይጠራውም፤ «ሰማይ ጠቀስ» ነው የሚለው። ስሙ የወጣለት በቁመቱ እንዳይመስላችሁ። ቁመቱስ እንኳን ሰማይ የጓሮ አጥርም አይነካ። ስሙ የፒካፗ ነው፤ ከመኪናዋ ተርፎ ለባለቤቷ ደረሰው።

ሲገዛት ወጣት ነበር፣ እሷ ግን ያኔም አሮጊት ነበረች። ጋቢናዋ ዝጓል፣ ዕቃ የሚጫንበት ካሶኒዋ ተቦርብሯል። እንደ ማንኛዋም የሥራ መኪና ዝቅ ያለች ስትሆን፣ በግራና በቀኝ በሮቿ ሥር ላስቲክ የለበሱ ረጃጅም የብረት መርገጫዎች ነበሯት። ሰው እግሩን መርገጫው ላይ ጣል አድርጎ እንደ ቤቱ ይገባባት ነበር። እሱ ግን ትሑት መኪና መቼ ፈለገና! ከሥሯ ባሌስትራ ደራርቦ አነሳት፤ የጭነት መኪና ጎማ አጠለቀላት፤ ከፊቷ እንደ ጢም ወፍራም የብረት ቧንቧ በየደላት። በመጨረሻም መርገጫዎቹን ፈትቶ የጋራዡን ግድግዳ አስደገፋቸው። «መርገጫ የሽማግሌ ነው» አለ አፉን ሞልቶ። ሰው በዚያ ዕድሜው የሚናገረውን ማን ይይዝበታል።

ቀለሟ ሳይደርቅ ለልብስ ሰፊዋ ሊያሳያት ነዳት። ልብስ ሰፊዋ ያኔ ሚስቱ አልነበረችም፤ ሱሪ ሊያሳጥር እየሄደ፣ የሚያጥር ሱሪ ሲያልቅበት ደህናውን ሱሪ እየቀደደ የሚመላለስባት ቆንጆ ነበረች። ራሷ የሰፋችውን ጠባብ ቀሚስ ለብሳ ወጣች። በሩን አየች፣ ቀሚሷን አየች፣ እሱን አየች።

«እዚህ ላይ በምንድን ነው የሚወጣው? በመሰላል?»

እሱ መሪው ጋ ተቀምጦ ነበር። በወንበሩ ላይ ተንሸራቶ ቀኝ እጁን ወደ ታች ዘረጋላት። ያዘችው። ሆፕ! ብሎ ሲስባት እሷ ገባች፣ አንድ እግር ጫማዋ አስፋልቱ ላይ ቀረ። ወርዶ ጫማውን አምጥቶ እንደገና እስኪወጣ ድረስ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እሱም በዚያ ሳቅ አለቀለት፤ ዓመቱ ሳይዞር ተጋቡ።

ከዚያ ወዲህ የእሷ መርገጫ የእሱ ቀኝ እጅ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፋችውን የተማሪ ዩኒፎርም በካሶኒው ጭነው በየሱቁ ያዳርሳሉ። ሥራው ሲያልቅ ከተማው ቁልጭ ብሎ ከሚታይበት ዳገት ላይ ይቆሙና ብርቱካን እየላጡ ይበላሉ፤ ሰው ያማሉ፤ ልጆች ሲወለዱ ልጆቹንም እንደ ጆንያ አንድ በአንድ እየሳበ ያስገባ ነበር። ጋቢናው ያኔ ሞልቶ ይፈስ ነበር። አንዱ ይዘፍናል፣ አንዷ ታለቅሳለች፣ እናትየው መርፌ በአፏ እንደያዘች ቁልፍ ትተክላለች። ልጆቹ አድገው በየፊናቸው ሄዱ፤ ጋቢናው ለሁለት ቀረ። ለሁለት መሆኑም ቢሆን በያጁን አልከፋውም። እንዲያውም፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ የሳምንቱን ሌሎች ቀናት የሚኖራቸው ቅዳሜ እንድትደርስ ብሎ ነበር።

ታዲያ በአንዱ ቅዳሜ ጥሩምባ ቢነፋ ሚስቱ የዩኒፎርም ጥቅሏን ተሸክማ ወጣችና በመኪናዋ አጠገብ እንደማታውቃት አለፈች።

«ዛሬ በታክሲ ልሂድ። አንተ ሥራህን ሥራ።»

በሚቀጥለውም ቅዳሜ እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ጥሩምባ መንፋቱን ተወ። ከፋው። ለማን ይናገረው? ሽማግሌ ሰው «ሚስቴ መኪናዬ ላይ አልወጣ አለች» ብሎ ለማን ይከሳል? ሰለቸኋት ይሆን ብሎ አሰበ። መኪናዋ አሳፈረቻት ይሆን ብሎም አሰበ። ብቻውን ዳገቱ ድረስ ነድቶ ብርቱካን ሊልጥ ሞከረና ግማሹን ሳይበላ ተመለሰ። እንደዚህ እየሆነ ሳለ ነው አንድ ቀን ሚስቱ የቤታቸውን ደረጃ ስትወጣ መሐል ላይ ቆማ ጉልበቷን ስታሽ ያያት።

ለካ ጉልበቷ ነው! ደስታው ሊያስጮኸው ምንም አልቀረው። በሰው ሕመም መደሰቱ ትዝ ሲለው አፈረ እንጂ፣ ውስጡስ ጨፍሯል። ጉልበት ከሆነማ መድኃኒቱ ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ የእሱ ግዛት ነው።

የራሱ ሜትር ጋራዥ ውስጥ ስለነበር የእሷን የልብስ ሜትር ከስፌት መኪናዋ ላይ አነሳና የቤቱን ደረጃ ከፍታ ለካ፤ ከዚያ ከመሬት እስከ ጋቢናው ወለል ለካ። እግሯ ሳይቸገር የሚወጣው ስንት እንደሆነ፣ መርገጫው የት ላይ መዋል እንዳለበት አሰላና ሜትሩን በቦታው መለሰ። የመለሰው መስሎታል።

«ሜትሬን ማነው ዝገት የቀባው?» አለች ሚስቱ ማታውኑ።

«አይጥ ይሆናል።»

«አይጥ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መለካት የጀመረው?»

እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ወጣ።

በማግስቱ ጋራዡን አተራመሰው። ከመርገጫዎቹ አንዱን ከግድግዳው ጥግ አገኘው፤ የዘይት ጣሳ መደርደሪያ ሆኖ ኖሯል። ሌላውን ቢፈልግ ቢፈልግ አጣው፤ በመጨረሻ ካሶኒው ወለል ላይ ዓይኑ ሲያርፍ አስታወሰ። ወለሉ የተቀደደ ጊዜ ቆራርጦ የጣፈበት እሱው ራሱ ነው። እንግዲህ ያለው አንድ ነው።

አጠገቡ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ፣ የሰው ነገር ካልገባበት ምግብ የማይፈጭለት ወዳጁ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

«ሲያረጁ አምባር ይዋጁ! ምን ልታደርጋት ነው ደግሞ?»

«መርገጫዋን ልመልስላት።»

«ፈትተህ የጣልከውን?»

«ለሚስቴ ነው። ጉልበቷን አሟት ነው አልወጣም ያለችው።»

ጎሚስታው ይህን ሲሰማ ቀልዱን ተወና መኪና ማንሻ ክሪክ አመጣለት። በያጁ ከመኪናዋ ሥር ተንጋለለ። ጭቃውን ሲፍቅ የድሮዎቹ የቡሎን ቀዳዳዎች መኪናዋን በተሸከመው ሻንሲ ላይ አንድ በአንድ ብቅ አሉ፤ በስንት ዘመን ጭቃና ቀለም ተደፍነው ሲጠብቁት የኖሩ መሰለው። መኪናዋ ስለተነሳች መርገጫው በድሮው ቦታ ቢታሰር ለሰው እግር አይደርስም። ስለዚህ ከአንጎላሬ ብረት ረዘም ያሉ ማንጠልጠያዎች ቆርጦ በየደ፣ ቀዳዳውን በመሰርሰሪያ አሰፋ፣ መርገጫውን በእሷ በር በኩል ወደ ታች አውርዶ አሰረው። ሲፍቀው ላስቲኩ መሐል ላይ ጎድጉዶ አገኘው። ከእሱ በፊት የነበሩ ሰዎች፣ የማያውቃቸው ሰዎች፣ ሚስቶቻቸውና እናቶቻቸው ረግጠው ያጎደጎዱት ነው። እሱ ያንን ሁሉ እግር በአንድ ከሰዓት ፈትቶ ጥሎት ነበር። የጎደጎደውን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳበሰ፣ ከዚያ መዶሻውን አነሳ።

«የመሪው ጎንስ?» አለ ጎሚስታው ከላይ። «ለዚያኛውም ከላሜራ አጥፈን እንሥራለት እንጂ።»

«እኔ ምን ሆንኩና?»

ጎሚስታው ወደ ታች ጎንበስ ብሎ አየው። በያጁ መዶሻውን በግራ እጁ ነበር የያዘው። ቀኝ ትከሻው እንደ ፍም ሲያቃጥለው ከርሟል፤ ለማንም አልተናገረም፣ ለሚስቱማ ቢሞትም አይነግራትም። ጎሚስታውም ካፈርኩ አይመልሰኝ ከሚል ሰው ጋር መከራከር ትርፉ ድካም መሆኑን ያውቃልና ሄደ። መርገጫው ሲያልቅ ግን ተመልሶ መጥቶ ሁለቱም ዘለው ቆሙበት። ሁለት ሽማግሌ ተሸክሞ ንቅንቅ አላለም።

ቅዳሜ ጠዋት በያጁ ፒካፗን መርገጫው ያለበት ጎን ከቤቱ በር ፊት ለፊት እንዲሆን አድርጎ አቆማት። ጥሩምባ አልነፋም፤ ወርዶ በሩን ከፍቶ ጠበቀ። ሚስቱ ጥቅሏን ይዛ ወጣች። ቆመች። አዲስ የተቀባውን ጥቁር ብረት ከዳር እስከ ዳር አየችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መርገጫ ነዋ።»

«ለማን?»

«ለጉልበትሽ።»

«ጉልበቴ ምን ሆነ?»

«ደረጃው ላይ ስታሺው አይቼሻለሁ። ምን ትደብቂኛለሽ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ዕድሜ ልኬን የስፌት መኪና ስረግጥበት የኖርኩት ጉልበት ነው፤ እሱ ያልታሸ ምን ይታሽ? በጉልበቴ ምክንያት አይደለም የቀረሁት።»

«ታዲያ በምን?»

ጥቅሉን መሬት አስቀመጠች። መናገሩን እንዳልወደደችው ያስታውቃል።

«በትከሻህ ነው። መጨረሻ የሳብከኝ ጊዜ ከንፈርህን ነክሰህ ዓይንህን ጨፈንክ። ሸሚዝህን በግራ እጅህ ነው የምታወልቀው፤ የሸሚዝህን እጅጌ የምሰፋው እኔ፣ እጅህ እንደማይነሳልህ አላይም? እየተንጠለጠልኩ ከምሰብርህ ታክሲ ይሻለኛል አልኩ።»

«እና ለምን አልነገርሽኝም?»

«በዚያ እጅ ስንት ዘመን ስትኮራ ኖርክ። ያንን ኩራት የምነጥቅህ እኔ ልሁን?»

በያጁ የበሩን እጀታ ይወለውል ጀመር። እሷ እግሯን መርገጫው ላይ አደረገች፣ አንዴ ወጣች፣ ገባች፣ ተቀመጠች። እንደዚያ በቀላሉ።

«ይመቻል» አለች። «ና እንሂድ፣ ሱቁ ሳይሞላ።»

ዞሮ ወደ መሪው ጎን ሄደ። እዚያ መርገጫ የለም። በሩን ከፈተ፣ መሪውን ጨበጠ፣ እግሩን አነሳና ተወረወረ። ትከሻው እንደ ቢላ ወጋውና ተመልሶ መሬት ላይ ቆመ። እንደገና ሞከረ። እንደገና መሬት። ላለፉት ሳምንታት ሰው በሌለበት የቢራ ሳጥን እያስጠጋ ሲወጣ ነው የከረመው፤ ዛሬ ደግሞ በሷ ፊት ሳጥን አይገፋ ነገር። ጎንበስ ብሎ ጎማውን መታ መታ አደረገ።

«ጎማው ምን ሆነ?» አለች ከላይ።

«ምንም። ላየው ብዬ ነው።»

ቀጥሎ ወንበሩ ሲንሿሸሽ ሰማ፤ ቀና ሲል ሚስቱ እስከ መሪው ድረስ ተንሸራታ በአንድ እጇ እጀታውን ይዛ ሌላውን ወደ ታች ዘርግታለታለች።

«በግራህ ያዘኝ።»

በያጁ ቆሞ አያት። ይህንን ሁሉ ዘመን ከላይ ሆኖ ነው ያያት፤ ፊቷን ቀና አድርጋ፣ እየሳቀች። እዚህ ታች፣ እሷ ስትቆምበት በኖረችበት ቦታ፣ ቆሞ አያውቅም። ጋቢናው ከታች ሲያዩት ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ ዛሬ ገና አየ። ጠባብ ቀሚስ ለብሳ፣ እርጉዝ ሆና፣ ሕፃን ታቅፋ፣ ከሥራ ደክማ፣ ይህንን ወጥታዋለች። አንድ ቀን «በዛብኝ» አላለችም።

ግራ እጁን ሰጣት። መርፌ ያጠነከራቸው ጣቶቿ ጨምድደው ያዙት። «ሆፕ!» አለችና ሳበችው፤ ከመሪውና ከጉልበቷ መሐል ተደፍቶ ገባ። ሁለቱም እያለከለኩ ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ እሱ ቀና ብሎ ተቀመጠ፣ ወደ ፊት ወደ መንገዱ እያየ።

«መርገጫው ጋራዥ እንዳለ ታውቂ ነበር» አላት። «ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ 'መልስልኝ' ብትዪኝ ምን ነበረበት?»

ሚስቱ ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤ ቀሚሷን አስተካከለች።

«እጅህን ትሰጠኝ ነበራ» አለችው።

በያጁ መኪናዋን ያስነሳት ዓይኑን በግራ እጅጌው ከጠረገ በኋላ ነው።