አስራ አንደኛዋ ሴል

«እማዬ፣ አሁን!» አለች ሶላሯ፣ ጣቷን የኢንቨርተሩ ማጥፊያ ላይ አድርጋ።

እናትየው የአባትየውን የኦክስጅን ቱቦ ከማሽኑ ነቅላ ሲሊንደሩ ላይ ሰካች። ሲሊንደሩ «እሽሽ» ማለት ሲጀምር ሶላሯ ማጥፊያውን ተጫነች። ሲያጓራ የነበረው ማሽን ረጅም ትንፋሽ አውጥቶ ዝም አለ።

ቶሎ ብላ ኬብሉን ቀየረች። የሽቦዎቹን ቅደም ተከተል ለውጣ እንደ አዲስ የገጠመችው ኬብል ነው። አንዱ ጫፍ ባትሪው ላይ፣ ሌላው ኢንቨርተሩ ላይ፤ ሁለቱን ሊያነጋግር። መልሳ አበራችው። የኢንቨርተሩ ትንሿ መስኮት በራች፣ ጥቂት አሰበች፣ ከዚያ ቀዩ መብራት ብልጭ አለ። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ።

«እንቢ አለ?» አለች እናትየው።

«እንቢ አለ።»

ኢንቨርተሩን ወደ ድሮው ሥርዓት መለሰችው፤ ማሽኑ እንደገና ማጓራት ጀመረ፤ ቱቦውም ወደ ቦታው ተመለሰ። አባትየው በሦስት ትራስ ተደግፎ መስኮቱ ስር ተኝቷል። ዓረፍተ ነገሩን እንደ ዳቦ እየቆረሰ ነው የሚናገረው።

«በሹፌርነቴ ዘመን... እንዲህ የሚጮህ አውቶብስ... ቢሰጡኝ ኖሮ... ገደል ነበር የምሰደው።»

«አባባ፣ አታውራ።»

«ታዲያ... ባትሪው አያወራ... እኔ አላወራ... ቤቱ ምን ይሁን?»

እናትየው ሳትፈልግ ሳቀች። ሶላሯ አልሳቀችም።

ሶላሯ ያሏት ደንበኞቿ ናቸው። ጣሪያ ላይ ወጥታ የፀሐይ ሰሌዳ ስትገጥም ያያት ሰው ስሟን ከመጠየቁ በፊት ይህን ስም ይሰጣታል። የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረውን የወላጆቿን ቤት ኢንቨርተርም ከዓመታት በፊት የመረጠችውና የገጠመችው ራሷ ናት። አሮጌዎቹ ባትሪዎች ሲሞቱ ግን ታናሽ ወንድሟ ቀደማት። ማንንም ሳያማክር ሞተር ሳይክሉን ሸጠና የሊቲየም ባትሪ ገዝቶ፣ በሁለት ተሸካሚ አስይዞ መጣ። «ለአባባ ነው» አለ፤ ላቡን እየጠረገ። ያኔ ሁሉም አጨበጨበ። ከዚያ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጠለ። የመብራት ሰዎች በተደወለላቸው ቁጥር «ዕቃው እየመጣ ነው» ይላሉ። ቤቱ በሙሉ፣ የአባትየው ትንፋሽ ጭምር፣ ያ ባትሪ ላይ ወደቀ።

ዛሬ ሊነጋጋ ሲል ባትሪው ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ጥፍት አለ። እናትየው በጨለማ ሲሊንደሩን ስትፈልግ የባሏ ከንፈር እንዴት እንደጠቆረ ለልጇ በስልክ ነገረቻት። ሶላሯ ሥራዋን ትታ መጣች።

ነገሩ ገብቷታል። አሮጌው ዓይነት ባትሪ ለፍላፊ ነው፤ ሲደክም ቀስ በቀስ ያስታውቃል። ሊቲየም ድካሙን ፊቱ ላይ አያሳይም፤ እስከ መጨረሻው ቀጥ ብሎ ቆሞ በድንገት ይወድቃል። ስለዚህ ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ለኢንቨርተሩ በኬብል እየነገረው መሄድ አለበት፦ ይህን ያህል ቀርቶኛል፣ አሁን ቀንስልኝ፣ አሁን ልቆም ነው። ኢንቨርተሩ ይህን ከሰማ ቀድሞ ይጮሃል፤ እናቷም በእርጋታ ቱቦውን ታዛውራለች። ካልሰማ በጭፍን ይነዳል።

ችግሩ ደግሞ በየሙከራው ኢንቨርተሩን ማጥፋት ግድ መሆኑ ነው። ባጠፋች ቁጥር አባቷ ከሲሊንደሩ ይተነፍሳል። የሲሊንደሩ መርፌ ከጠዋት ጀምሮ ቁልቁል እየሄደ ነው። የሚሞላበት ቦታ ደግሞ በዚያው የመብራት ችግር ተዘግቷል። ሆስፒታሉም «አልጋ የለም፣ ቤት ይሻለዋል» ብሎ ነው የሸኛቸው።

ለባትሪው ሻጭ ደወለች።

«እህቴ፣ እኔ እኮ ነጋዴ ነኝ» አለ። «ከሁሉም ጋር ይሰራል ብለው ነው የሰጡኝ።»

«ከሁሉም ጋር የሚስማማ ውሃ ብቻ ነው። ቢያንስ ባትሪውን የማነብበትን ፕሮግራም ላክልኝ።»

«እሱን እልካለሁ። ወንድምሽም ጠዋት እዚህ ነበር፤ ኬብል ሊፈልግ ወጥቷል።»

ቀጥላ ኢንቨርተሩን የሚያስመጣው ድርጅት ውስጥ ወደሚሰራ የድሮ ባልደረባዋ ደወለች። ሞዴሉን ነገረችው።

«እሱማ መመረቱ ቆሟል» አለ። «ፋብሪካው አዲስ ሶፍትዌር አይሰራለትም። ከድሮዎቹ ባትሪዎች በቀር የማንንም ቋንቋ አያውቅም። ሽቦውን ብትገለባብጪው፣ የሚነጋገሩበትን ፍጥነት ብትቀያይሪው ልፋት ነው።»

«ሌላ መላ የለም?»

«አዲስ ኢንቨርተር ነዋ። እሱም መጋዘን ውስጥ የለም፤ መርከብ ላይ ነው ይላሉ። ለየትኛው ደንበኛ ነው?»

«ለአባቴ።»

«ይማርልሽ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ሻጩ የላከውን ፕሮግራም ላፕቶፗ ላይ ጫነችና ከባትሪው ጋር አገናኘችው። ለዚህ ማጥፋት አያስፈልግም። ቢያንስ እኔ ልስማው ብላ ነው።

ባትሪው ለካ ዝም ብሎ አልነበረም። ቁጥሮቹ ያለማቋረጥ ይጎርፋሉ። ውስጡ ያሉት አስራ ስድስት ሴሎች፣ ትንንሾቹ ባትሪዎች፣ እንደ ሰልፍ ተማሪ ተደርድረው ታዩ፤ ሁሉም ቁመታቸው እኩል ነው፤ ከአንዷ በቀር። አስራ አንደኛዋ ከሰልፉ ዝቅ ብላለች። ፀሐዩን ደመና ሲሸፍነውና ማሽኑ ከባትሪው መሳብ ሲጀምር እሷ ብቻ ወደታች ትሰምጣለች፤ ደመናው ሲገለጥ እየጎተተች ትነሳለች።

ሶላሯ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። እንዲህ የምትሆን ሴል አዲስ ባትሪ ውስጥ አትገኝም። ሌላ ቦታ ሲለፋ ኖሮ ቀለም የተቀባ ባትሪ ነው ለወንድሟ የሸጡለት። አንዷ ሴል ባዶ ስትሆን መቆጣጠሪያው ሌሎቹን ለማዳን ሁሉንም ይዘጋል። ሴሎቹ እርስ በርስ የተበየዱ ናቸው፤ አንዷን ነጥሎ አውጥቶ አቻዋን የሚተካ ሰው እዚህ ከተማ ውስጥ አታውቅም። ኢንቨርተሩና ባትሪው ዛሬውኑ ቢግባቡ እንኳ፣ የሚነጋገሩት ስለ መጨረሻው ነው።

«ምን አየሽ?» አለ አባቷ።

«ምንም።»

«በመስታወት... የተሳፋሪ ፊት... ሳይ ነው የኖርኩት። ንገሪኝ።»

እናትየው ውሃ ልትቀዳ ግቢ ወጥታለች። ሶላሯ ወንበሯን ሳታዞር፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል ነገረችው።

«አንዷ ሴል ደክማለች። እሷ ስትደክም ሁሉም ይቆማል።»

«አትጠገንም?»

«አትጠገንም፣ አባባ።»

ጥቂት ተነፈሰ። «ሐኪሙም... ስለ ሳንባዬ... ያለኝ ይህንኑ ነው። እሱ ግን... ዙሪያ ጥምጥም ሄደ። ከሱ... አንቺ ትሻያለሽ።»

«አባባ!»

«ፀሐይ ስትጠልቅስ?»

«ትንሽ ይሄዳል። ሌሊቱን ግን አይዘልቅም። ከዚያ በኋላ ያለው ሲሊንደሩ ነው። እሱንም...» ድምጿ ተሰበረ፤ «እሱንም እኔ በሙከራ ጨረስኩት።»

«ልታድኚኝ ብለሽ ነው። በይ... ከእንግዲህ አታጥፊው።»

ማልቀስ ፈለገች፤ እናቷ በባልዲ ውሃ ይዛ ስትገባ ግን ተወችው። ሀዘኗ መውጫ ሲያጣ ወደ ንዴት ዞረ። ንዴቷም በወንድሟ ላይ። አንድ ጊዜ ቢደውልልኝ ምን ነበረበት? «እትዬ፣ ይህን ልገዛ ነው» ለማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የምትለውን ሁሉ በልቧ ደረደረችው። ሻጩን ጉሮሮውን ይዤ ልጠይቀው አላለችም፤ ሻጩ ሩቅ ነው። ወንድም ግን ቅርብ ነው፤ ቅርብ ያለ ደግሞ ይመታል።

ፀሐዩ ወደ ጣሪያው ጠርዝ ሲያዘነብል ወንድሟ በሩን ከፍቶ ገባ። ጢሙ የጎፈረ ትልቅ ሰው ነው፤ ቤት ውስጥ ግን እስካሁን ማሙሽ ነው የሚባለው። አቧራው ጉልበቱ ድረስ ደርሷል። ሞተር ሳይክሉን ከሸጠ ወዲህ በእግሩ ነው የሚሄደው።

«እትዬ፣ አገኘሁት!» አለ፤ በላስቲክ የታሸገ ኬብል እያውለበለበ። «ከተማውን አካለልኩት። ባለሱቁ፣ የጎደላችሁ ይሄ ነው፣ ይሄ ከገባ እንደ ወንድማማች ያወራሉ አለኝ።»

ሶላሯ ኬብሉን ለመቀበል እጇን አልዘረጋችም። ማሙሽ የአባቱን ፊት፣ ከዚያ የእህቱን ፊት አየ። አንድ ጫማውን አወለቀ። ካልሲው ተረከዙ ላይ በደም ተጣብቋል። እሱ ግን አላየውም፤ የሚያየው ባትሪውን ነው።

«እትዬ፣ አትዋሺኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ባትሪው ነው እንዴ? ሳልጠይቅሽ ነው የገዛሁት። ሌሊት አባባ እንደዚያ ሲሆን... ከዚያ ወዲህ እህል በአፌ አልዞረም። እኔ ነኝ?»

የደረደረችው ሁሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አባትየው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ የሚያማክራት እንዳይመስል። ስክሪኑ ላይ አስራ አንደኛዋ ሴል በዝግታ ወደ ታች እየሰመጠች ነው።

ሶላሯ ላፕቶፑን ከደነችው።

«ባትሪህ ደህና ነው» አለች። «ያስቸገረን የኔ ኢንቨርተር ነው። ያኔ አሮጌ ሞዴል የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ አዲሱ መርከብ ላይ ነው ይላሉ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሙያዬ አይደል እንዴ? አንተ ልታስተምረኝ ነው?»

የማሙሽ ትከሻ ወረደ፤ ቀኑን ሙሉ ተሸክሞት የዋለው ነገር የወረደለት ይመስላል። ሳቅም ቃጣው።

«በይ አሁን ምን ላድርግ?»

«ፍሪጁን ንቀለው። ቴሌቪዥኑንም፣ አምፖሎቹንም። ከማሽኑ በቀር ምንም አይቅር። ከዚያ ሂድና ሲሊንደር ያለው ሰው ካለ ጎረቤቱን ሁሉ ጠይቅ።»

አንድ እግሩ ባዶ እንደሆነ ከክፍል ክፍል እያነከሰ መንቀል ጀመረ። ድምፁ ከወጥ ቤት መጣ።

«ኢንቨርተር ከሆነማ ቀላል ነው፣ እትዬ! መርከቡ ሲደርስ እንቀይረዋለን!»

እናትየው ልጇን አየቻት፤ የምትለውን ልትሰማ ጠበቀች።

«እንቀይረዋለን» አለች ሶላሯ፣ ወንበሯንም ወደ አባቷ አዙራ ተቀመጠች።