ፀጥታ የቀዳው የመጨረሻ ኮንሰርት

«እህቴ፣ ያን ካሴት እውነት ጣልሽው?» አለ ጊታሪስቱ፣ ሻዩን ሳይቀምስ።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለከተች። ባሏ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሳሎኑ በጎረቤት ወንበሮች ተሞልቷል፤ ለቀስተኞቹ በሹክሹክታ ያወራሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ጣልኩት» ስትል ኖራ፣ ዛሬ አፏ እምቢ አለ።

ባሏ የጊታሪስቱ ሮክ ባንድ ድምፅ ቀጂ ነበር። መቅጃውን ከመክፈቱ በፊት «ፀጥታ!» ስለሚል፣ ስሙም ፀጥታ ሆኖ ቀረ። ባንዱ ስድስት አልበም አወጣ፤ ሁሉም የስቱዲዮ ናቸው። አድናቂዎቹ የሚመኙት ግን ከበሮ መቺው ከመሞቱ በፊት የተጫወተበትን የመጨረሻ ኮንሰርት ነው። የዚያን ዕለት ፀጥታ ባዶ ካሴት መያዝ ረሳ። ቦርሳው ውስጥ የነበረው ለአማቱ ሊያባዛው ይዞት የወጣው የሠርጉ ካሴት ብቻ ስለነበር ኮንሰርቱን በላዩ ላይ ቀዳበት።

«በከበሮ ለወጥከኝ?» ብላ ሚስቱ ሰማይና ምድሩን አደባለቀችበት።

«መጨረሻውን ስሚውና ከዚያ ስደቢኝ» እያለ ሦስት ቀን ተከተላት።

አልሰማችም። በአራተኛው ቀን ጣልኩት አለችው። ሰውዬው ቆሻሻ መጣያውን ሲበረብር ውሎ ባዶ እጁን ገባ፤ ሁለተኛም አላነሳባትም። ዋል አደር ሲል ብትጸጸትም፣ ካሴቱን ብታወጣው ውሸቷ አብሮ ሊወጣ ነው። እንዲሁ ስታፍር ዕድሜ ሄደ።

አሁን ተነስታ የስፌት መኪናዋን መሳቢያ ሳበችና ከልብስ ቁልፎቹ ሥር ካሴቱን አወጣችው።

«ዋሽቼዋለሁ» አለች። «ሳልነግረው ሞተብኝ።»

ጊታሪስቱ አልተቆጣም። ካሴቱን የሟቹ ቴፕ ውስጥ ከቶ ከፈተው።

«ለቅሶ ቤት ውስጥ ሙዚቃ?» አለች ታላቅ እህቷ።

«የእሱ ሥራ ነው እኮ፣ እትዬ» አለቻት ልብስ ሰፊዋ።

ከበሮው ሳሎኑን ሞላው። ሹክሹክታው ቆመ፤ አንድ ሽማግሌ በጣታቸው ጉልበታቸውን መምታት ጀመሩ። በመጨረሻ ጭብጨባው መጣ።

«አሁን መዝጊያው ዘፈን ነው» አለ ጊታሪስቱ።

ቴፑ ቀጭ አለና ጭብጨባው ተቋረጠ። «አዎ» አለ ጊታሪስቱ። «ፀጥታ ካሴቱ እዚህ ጋ አለቀብኝ ብሎን ነበር። ከበሮ መቺው ወር ሙሉ አኩርፎት ነበር።»

ካሴቱ ግን አላለቀም። የብርጭቆ ድምፅ፣ የሠርገኛ ጫጫታ፣ ከዚያም የአንድ ጎረምሳ ሙሽራ ድምፅ ተሰማ። «እኔ ንግግር አልችልም። ሥራዬ ሰው ዝም ማሰኘት ነው። እሷን ግን ዕድሜ ልኬን እሰማታለሁ።» ከኋላው የሙሽራዋ ሳቅ ይሰማል።

«ለካ ዘፈናችንን የቆረጠው ለዚህ ኖሯል» አለ ጊታሪስቱ ቀስ ብሎ።

ልብስ ሰፊዋ እያለቀሰች ሳቀች። ደስ አላት፤ በሐዘኗ መሀል ደስ ስላላትም አላፈረችም።

«መዝጊያው ዘፈን ሳይኖር አልበም ይሆናል?» ስትል ጠየቀችው።

«ይሆናል። እሱ ያቆመበት ላይ ያልቃል።»

ባሏ የሚወደውን ካሴት ቀድቶ ሲጨርስ፣ ከጫፉ ያሉትን ሁለት ትናንሽ ፕላስቲኮች ይሰብር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሌላ ነገር አይቀዳበትም። የዚህኛው አልተሰበሩም። መቀሷን አነሳችና አንድ በአንድ ሰበረቻቸው። ካሴቱን ለጊታሪስቱ ሰጠችው፤ ስባሪዎቹን ቁልፎቹ መሀል አስቀምጣ መሳቢያውን ዘጋች።